የልብ ሰባት

ሴት አያቴ እምዬ ባረፈች ዕለት ሌሊት፣ በቀብሯ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ለማዘጋጀት ሳሎን ውስጥ ተሰብስበን ነበር። የትውልድ ቦታዋ፣ ያገባችበት ዘመን፣ የልጆቿና የልጅ ልጆቿ ብዛት ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ «ካርታ መጫወት አጥብቃ ትወድ ነበር፤ የሚያሸንፋትም ጥቂት ሰው ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዲገባ ጠየቅሁ። ወረቀቱን የያዘው የቅርብ ዘመዳችን ያልሁትን ከጻፈ በኋላ ጥቂት አሰበበትና መልሶ ሰረዘው። «በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ስለ ካርታ አይነበብም፤ የማያውቃት ሰው ቁማርተኛ ነበረች ይላል» አለ። በዚያ ሳሎን ከነበርነው መካከል ከእምዬ ጋር ካርታ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ከተገኘ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ማንም አልተቃወመም፤ ሰዓቱም የክርክር ሰዓት አልነበረም።

በማግስቱ የተነበበው ጽሑፍ ሐሰት የለበትም። ደግ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ ለቤተሰቧ ሟች እንደነበረች ይናገራል። ደሴ ውስጥ በብዙ እናቶች ቀብር ላይ የሚነበበው ይኸው ነው፤ ለብዙዎቹም እውነት እንደሆነ አልጠራጠርም። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል፤ በእምዬ ላይ ግን ማንም ያስረዘመው ነገር አልነበረም። እኔን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚከነክነኝ የተጨመረው ሳይሆን የተቀነሰው ነው። ለቤተሰቧ ሟች ነበረች የሚለውን ቃል፣ ለማያውቃት ሰው አስረጂ ብባል የማቀርበው ምስክር ያለው እዚያው የተሰረዘው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ከአሰብ መንገድ የመጣ ጨዋታ

ካርታን ወደ ቤታችን ያስገባው ወንድ አያቴ ነው። ከአሰብ ነዳጅ የሚያመላልስ የቦቴ ሾፌር ስለነበር፣ ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ኮምቦልቻንና ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ በረሃ ሲገባ፣ የቀኑ ሐሩር እስኪበርድ ድረስ ሾፌሮቹ በመኪናቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው ካርታ ይጫወቱ ነበር። ካርታውን በስብስብ አሟልቶ ቀድሞ የዘጋ የሚያሸንፍበትን ኮንከር የሚባል ጨዋታ የተማረው እዚያ ነው። ከመንገድ ሲመለስ ለሚስቱ አስተማራት፤ በቤታችን እንደሚወራው ከሆነ ያሸነፋት በመጀመሪያው ክረምት ብቻ ነው። እኔ አልደረስሁበትም። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ሲዘጋ እሱ በሕይወት አልነበረም፤ ጨዋታው ግን ሸዋ በር በሚገኘው ቤታችን ሥር ሰዶ ነበር።

እምዬ ካርታ ስትጫወት ያላየ ሰው ትወድ ነበር የሚለውን ቃል ቀለል አድርጎ ሊያነበው ይችላል። አውራ ጣቷን በምላሷ ታርሳለች፤ አሥራ ሦስቱን ካርታ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍታ ትደረድራለች፤ ከዚያ በኋላ ዘግታ በጉልበቷ ላይ በነጠላዋ ሥር ታስቀምጣቸውና አዲስ ካልመጣ በቀር መልሳ አታያቸውም። ማን ምን እንደጣለና ማን ምን እንዳነሣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታስታውሳለች። ከድሮው ካርታ አንዱ ንጉሥ ጠፍቶ ስለነበር፣ በምትኩ ከሻማ ካርቶን ቆርጣ ራሷ በእስክሪብቶ የሣለችው ንጉሥ ገብቶ ነበር። ጀርባው ስለሚለይ ከክምሩ አናት ላይ ሲደርስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አዲስ ካርታ ሲገዛላትም «ይኸኛው ያውቀናል» ብላ ወደ አሮጌው ትመለስ ነበር።

ስታሸንፍ ደስታዋን አትደብቅም። «ዘጋሁ!» ብላ ካርታዋን በጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋ ድምፅዋ ከግቢው ውጭ ይሰማል፤ ጎረቤት «ዛሬ ደግሞ ማንን አሸነፍሽ?» ብሎ በአጥር ላይ ሲጠይቃት የተሸናፊውን ስም ጠርታ ትመልሳለች። በገንዘብ ግን በቤቷ ካርታ ተጫውቶ የሚያውቅ የለም። መቁጠሪያችን ሽምብራ ነበር። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ የሩቅ ዘመድ «ትንሽ እንኳን እናሲዝበት» ቢላት፣ ካርታውን ሰብስባ በሣጥኑ ቆለፈችበትና ቡና አስፈላችለት።

ከልጅ ጋር አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት የሚለው ተረት ለእሷ አይሠራም ነበር። ከልጅ ጋር ትጫወታለች፤ ያውም እንደ አዋቂ። ሌሎች አያቶች የልጅ ልጅ ደስ እንዲለው ብለው ይሸነፋሉ፤ እምዬ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ከፊቷ ስቀመጥ እንደ ሾፌሮቹ ቆጥራ ታሸንፈኝ ነበር። አንድ ቀን ተሸንፌ ሳለቅስ አክስቴ «ምን አለበት አንዴ ብትሸነፊላት?» አለቻት። እምዬም ካርታውን እየበወዘች ወደ እኔ ዞራ «አውቄ ብሸነፍልሽ ናቅሁሽ ማለት ነው፤ አብሽሪ፣ ነገም ካርታ አለ» አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፍኋት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ማሸነፌን ዛሬም የማልረሳው በምጽዋት ያልተሰጠኝ ስለሆነ ነው።

በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት

ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው የሚቀጥለው አይገርመውም። የእምዬ ታላቅ እኅት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ያገቡት እስላም ስለነበር በዚያው ሃይማኖት ኖሩ። ለፋሲካ ሲመጡ የእሳቸው ሥጋ በእስላም ጎረቤት ታርዶ በሌላ ቢላዋ ተከትፎ በሌላ ድስት ይሠራል፤ ለአረፋ እኛ ስንሄድም ለእኛ እንደዚያው ይደረጋል። እትዬ በሃይማኖታቸው ካርታ አይነኩም። ነገር ግን እኅታቸው ስትጫወት ከአጠገቧ ተነጥለው አያውቁም። በግራዋ ይቀመጣሉ፤ ቡናውን ጀባ ይላሉ፤ የሽምብራውን ሣህን ይዘው ያሸነፈውን ይቆጥራሉ። አንድ ሰው «እትዬ፣ ይህስ አይቆጠርብዎትም?» ቢላቸው «እኔ የያዝሁት ሽምብራ ነው» ይሉ ነበር።

በቀኟ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው ያሳደገቻት አክስቴ ነበረች። በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ከገጠር ወደ ደሴ ከመጡት ሰዎች መካከል እናቷን በመንገድ ያጣች ሕፃን ነበረች። እምዬ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አትናገርም ነበር፤ ልጅቱ ከቤት ገባች፣ ከልጆቿ ጋር አደገች፣ ካርታም ተማረች። ስለዚህ እኛ ቤት ካርታ ሲታደል በጠረጴዛው ዙሪያ የምናየው ሰው ሁሉ እምዬ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ያስቀመጠችው ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስና ቤተሰቡ ወደ አዲስ አበባ ሲሸሽ፣ በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ የተገኙት የቀበሌ መታወቂያዋ፣ የአያቴ ፎቶግራፍና ያ አሮጌ ካርታ ነበሩ። በኪራይ ቤት ፍራሽ ላይ ተደርድረን ስንተኛ፣ ማታ ማታ ያንኑ ካርታ ታድል ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

የፋሲካ ማግስት

አሁን ወደማልረሳው ምሽት ልምጣ። በ2008 ዓ.ም. የፋሲካ ማግስት ነበር። ሁለቱ አጎቶቼ አባታቸው በተወው ቤት ምክንያት ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል። የጠቡን ዝርዝር ማንሣት አያስፈልግም፤ ሁለቱም ትክክል የሆኑበት ጉዳይ ነበረ፤ ሁለቱም ከአፋቸው ማውጣት ያልነበረባቸውን ቃል አውጥተዋል። ለእናታቸው ሲሉ በበዓል ቀን ሁለቱም ይመጣሉ፤ አንዱ በጠዋት ከመጣ ሌላው በማታ ይመጣል። በዚያ ቀን ግን ታላቁ ሊሄድ ሲነሣ የበልግ ዝናብ ወረደ፤ ታናሹም ከዝናቡ ሸሽቶ ሮጦ ገባ። በር ላይ ተላለፉ፣ ሰላምታ አልተለዋወጡም፣ አንዱ በአንዱ ጥግ ሌላው በሌላው ጥግ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ መብራት ጠፋ።

እምዬ ስለ እርቅ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሻማ አስለኮሰች፣ ካርታውን አስመጣችና «ጠጋ በሉ» አለች። ታላቁን በቀኟ፣ ታናሹን በትይዩዋ አስቀመጠች፤ አክስቴ አራተኛ ሆነች። እትዬ ሣህናቸውን ይዘው በግራዋ ተቀመጡ። እኔ ቦታ ስላጣሁ ከእምዬ ጀርባ በርጩማ ላይ ሆንሁ፤ ካርታዋን አይ የነበረው ስለዚህ ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ተጫወቱ እንጂ አልተነጋገሩም። «ተራው የእሱ ነው በሉት» ይላል አንዱ። «ጥያለሁ በሉት» ይላል ሌላው። አክስቴ በሁለት ክንድ ርቀት መካከል መልእክት ታመላልስ ነበር። በዚህ ሁኔታ ብዙ ጨዋታ ተዘጋ፤ አብዛኛውን የዘጋችው እምዬ ናት። በመጨረሻ ዝናቡ አባራ። ታናሹ አጎቴ ጃኬቱን አንሥቶ አንድ እጁን አጠለቀና «እማ፣ ይህ ካበቃ እሄዳለሁ» አለ። ታላቁም ከእግሩ ሥር የነበረውን ዣንጥላ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ያ ጨዋታ ሲያልቅ ምሽቱም እንደሚያልቅ ሁላችንም ገባን፤ የሚቀጥለው የሚገናኙበት በዓል ደግሞ ሩቅ ነበር።

ያን ጊዜ የእምዬን ካርታ አየሁ። ሦስት ሦስት የሆኑ ሦስት ስብስቦች ሞልተውላታል። የቀሯት የልብ አምስት፣ የልብ ስድስት፣ የልብ ስምንት፣ እና አንድ ምንም የማይጠቅም ካርታ ናቸው። የልብ ሰባት ከመጣች የማይጠቅመውን ጥላ ትዘጋለች። ተራዋ ሲደርስ እጇን ወደ ክምሩ ላከች፤ ያነሣችው የልብ ሰባትን ነው።

ከጀርባዋ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ «ዘጋሁ!» የሚለውን ድምፅ ጠበቅሁ። እምዬ ካርታዋን በአውራ ጣቷ እንደያዘች ጥቂት ቆየች። ወደ ልጆቿ አልተመለከተችም። ከዚያ የልብ ሰባትን ራሷን በጠረጴዛው መካከል ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠች። እትዬ ሽምብራውን የሚያገላብጡት ጣቶቻቸው ቀጥ ብለው ቆሙ።

ታላቁ አጎቴ ከመቅጽበት አነሣት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰባት ቁጥር ሲሰበስብ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከሁላችንም ይልቅ የምታውቀው እምዬ ናት፤ ሁለት ጊዜ ሰባት ሲያነሣ አይታለች። ጨዋታው ጥቂት ዙር ከቀጠለ በኋላ ታላቁ ዘጋ። ካርታውን አንድ በአንድ እየዘረጋ፣ ሰባቶቹን በመጨረሻ አውጥቶ፣ ቀና ብሎ ወንድሙን ፊት ለፊት አየውና «በል እንግዲህ፣ አሁን ሂድ!» አለው። ከዓመት በላይ ከቆየ ዝምታ በኋላ ለወንድሙ በቀጥታ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ታናሹ ያጠለቀውን የጃኬቱን እጅጌ አወለቀ። «በውዝ» አለው።

እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ ተጫወቱ። ስለ ጆከር አገባብ ተጨቃጨቁ፤ ታናሹ ታላቁን «ከልጅነትህ ጀምሮ ታምታታለህ» አለው፤ ታላቁ ሣቀ። ዘፋኝ አልመጣም፣ ጉልበት ስሞ ይቅርታ የጠየቀ የለም፣ ስለ ቤቱም ያነሣ የለም። ሲወጡ ግን በአንድ ዣንጥላ ሥር ነው የወጡት፤ ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበርና። በሽማግሌ ፊት ታርቀው የቤቱን ነገር የጨረሱት ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ቆይተው ነው፤ ሽማግሌዎቹም ደክመዋል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ያገኟቸው እርስ በርስ መነጋገር የጀመሩ ሰዎች ነበሩ።

ረስታው ነው የሚለው ሐሳብ

መጀመሪያ ያሰብሁት አርጅታለች፣ አላየችውም የሚለውን ነበር። በዚያ ዕድሜ በሻማ ብርሃን ካርታ ማሳሳት ነውር አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሌሊት፣ ከዚያ ጨዋታ በኋላ በተደረገ ሌላ ጨዋታ፣ አክስቴ ቀደም ሲል ምን እንደጣለች ስትረሳ ያስታወሰቻት እምዬ ናት። ለሌላው የምታስታውስ ሴት በእጇ የያዘችውን አምስትና ስድስት ልትረሳ አትችልም።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ስትቆላ ከአጠገቧ ተቀምጬ ጠየቅኋት። «እምዬ፣ ማታ የልብ ሰባትን ለምን ጣልሽው?» አልኋት። ቡናውን ማገላበጧን ሳታቆም «አላስፈለገኝም» አለች። «አምስት፣ ስድስትና ስምንት ይዘሽ እንዴት አያስፈልግሽም?» ስላት፣ ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና «የሰው ካርታ አይታይም» ብላ ጭሱን ወደ አፍንጫዬ አቀረበችልኝ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንሥተን አናውቅም።

እኔ የሚገባኝ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው ለልጆቹ እንጀራውን፣ እንቅልፉን፣ ገንዘቡን ይሰጣል፤ እምዬም ይህን ሁሉ ሰጥታለች፤ በ1966ም በ1977ም በቤቷ የበላ ሰው ያውቀዋል። እነዚህን ስትሰጥ ግን ስትሳሳ አይቻት አላውቅም። ማሸነፍ ላይ ነበር የምትሳሳው። ለምታለቅስ የሰባት ዓመት የልጅ ልጇ እንኳን ያልሰጠችውን፣ መስጠት ንቀት ነው ብላ የምታምንበትን፣ ያን ሌሊት በሻማ ብርሃን ለሁለት ጎልማሶች ሰጠች። ያውም ማንም እንዳያውቅላት አድርጋ። አንዱ አሸነፍሁ ብሎ እንዲኮራ፣ ሌላው ተሸነፍሁ ብሎ እንዲናደድና እንዲቀመጥ፣ የትኛው ካርታ ለማን እንደሚደርስ አስባ ነው የጣለችው። ካርታ አጥብቃ ትወድ እንደነበር ያልተነገረው ሰው ይህን ታሪክ ብነግረው፣ አንዲት አሮጊት በጨዋታ ተሸነፈች ብሎ ያልፈዋል።

ዐረፍተ ነገሩን የሰረዘው ዘመዳችን በክፋት እንዳላደረገው አውቃለሁ። ቁማር ያፈረሰውን ቤት ሁላችንም እናውቃለን፤ ደመወዙን በአንድ ማታ በካርታ ጨርሶ ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ የሚመለስ አባወራ በየሰፈሩ አለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቁማርን የሚያወግዘው በበቂ ምክንያት ነው። እምዬም ታወግዘው ነበር፤ ካርታውን በሣጥን የቆለፈችው ለዚህ ነው። ነገር ግን ለሙታን ክብር ስንል የሚወዱትን ነገር ስንደብቅላቸው፣ የከፈሉትንም ዋጋ አብረን እንደብቃለን። ደግ ነበረች ብሎ ለመናገር ምን እንደሚያሳሳት ማወቅ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ ሳይሳሱ የሰጡትን መስጠትስ ማን አቃተው?

በአርባዋ

ለአርባዋ ደሴ ተሰብስበን፣ ካህናቱ ከሄዱና ድንኳኑ ጭር ካለ በኋላ፣ የልብ ሰባትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱ አጎቶቼ ፊት አወራሁት። አስቤበት ነው፤ እሷ አውቃ የደበቀችውን መግለጥ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ብዙ ጊዜ ከራሴ ጋር ተሟግቻለሁ፤ በመጨረሻ ልጆቿ ሊያውቁት ይገባል አልሁ።

ታናሹ አጎቴ ወዲያው ተቀበለው። «እኔም ያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር፤ እማ ሰባት ጥላ አታውቅም» አለ። ታላቁ ግን ፊቱ ተለወጠ። «እማ? በፍጹም! እሷ ለአባቴ እንኳን አልተሸነፈችም» አለ። ሰባቷን ከክምሩ እንዳነሣት፣ ከእናቱ እጅ እንዳልሆነ፣ ያን ጨዋታ በራሱ ችሎታ እንደዘጋ በዝርዝር አስረዳ። ታናሹ «ከፊትህ ነው ያነሣኸው፣ እኔ በትይዩ ነበርሁ» አለው። አክስቴ ያስታረቀች መስሏት «ረጅም ጊዜ ሆኖታል» ብትል ሁለቱም ዞረው ጮኹባት።

ጥጋቸውን ይዘው የተቀመጡት እትዬ መቁጠሪያቸውን ሰብስበው «ወላሂ፣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰባቷን አንሥታ፣ አይታ፣ ጣለችልህ» አሉ።

ታላቁ አጎቴ በአክብሮት ወደ እሳቸው ዞረና «እትዬ፣ እርስዎ ካርታ አይነኩም፤ ሰባትና ዘጠኝን በምን ይለያሉ?» አላቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቧ ስቀመጥ ሽምብራ ብቻ ሳይ የኖርሁ መሰለህ?» አሉት።

እስከ አሁን አልተስማሙም። ታናሹ ስልክ ሲደውልልኝ «ዛሬም ከክምሩ ነው ይላል» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ታላቁ ደግሞ በሚቀጥለው በዓል ካርታው ተዘርግቶ፣ ማን የት እንደተቀመጠ በቦታው ተቀምጦ፣ ጨዋታው ከመጀመሪያው እንዲደገም ጠይቋል።